አባ ቆይ ለሚስቱ ያልነገራት

ሚስቱ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ አባ ቆይ ግን መሞቷን እስካሁን አልነገራትም።

ይህን የሰማ ሰው ሽማግሌው ጃጅቷል ማለቱ አይቀርም። አልጃጀም። ቀብሯ ላይ ቆሟል፤ አፈሩ ሲመለስ በዓይኑ አይቷል፤ ልብሶቿን አጣጥፎ ለሴት ልጁ አስረክቧል። ብቻውን እንደሚኖርም አሳምሮ ያውቃል፤ የሚያጥበው አንድ ሰሃን፣ የሚያነጥፈውም የአልጋውን አንድ ጎን ነው። ያላደረገው ነገር ቢኖር እሷን ራሷን ቁጭ አድርጎ «እንዲህ ሆነሻል» ማለት ነው። ሌሎች ሙታን መሞታቸውን የሚነግራቸው ያስፈልጋቸው እንደሆነ እንጃ። የአባ ቆይ ሚስት ግን ያስፈልጋት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚገባው የሰውየውን ሥራ ላወቀ ነው።

ሥራው ትርጉም ነው። እንግሊዝኛ በአንድ በር ይገባል፣ ፈረንሳይኛ በሌላው ይወጣል። በከተማው ውስጥ በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም የሚነበበው ፈረንሳይኛ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ፣ መድኃኒቱ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ሳይቀር እንግሊዝኛውን ይዞ ይመጣል። መሃል ላይ አንድ ሰው መቀመጥ ነበረበትና አባ ቆይ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ፣ የነጋዴዎች ደብዳቤ፣ የሳል ሽሮፕ ማስጠንቀቂያ፣ የውርስ ክርክር፣ በእጁ ያላለፈ የለም። ስሙን ያወጡለት ሥራ የሚያመጡለት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። «መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «ቆይ» ይላል። «ሻይ እንጋብዝህ?» ሲሉትም «ቆይ» ይላል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። ሲነጫነጩበት መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል። ከመደጋገሙ የተነሳ ገና መነጽሩን ሲያወልቅ ተረቱን እነሱ ይሉለታል።

«ቆይ» ማለቱ ግን ከስንፍና አልነበረም። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ተርጓሚን የሚያስጨንቀው ረጅሙ ቃል ይመስለዋል። ረጅሙማ ምን አለበት፤ መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ይገኛል፣ ይጻፋል። አባ ቆይ የሚፈራው አጫጭሮቹን ነው። እንግሊዝኛ «ራን» የምትባል ጥፍር የምታህል ቃል አለችው። ሰው ራን ካደረገ ሮጠ ማለት ነው። ቧንቧ ከሆነ ፈሰሰ፣ ሞተር ከሆነ ሠራ፤ ሱቅ ራን የሚያደርግ ሰው ሱቁን ያስተዳድራል፣ ለምርጫ ራን የሚያደርግ ይወዳደራል፣ የሴት ስቶኪንግ ራን ካደረገ ደግሞ ተተርትሯል። እንግሊዝኛ አንዱን ኮት ለሰርግም ለቀብርም ይለብሰዋል፤ ፈረንሳይኛ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ልብስ ካልሰፉለት ከቤት አይወጣም። ከነዚህም የባሱት ፈሊጦቹ ናቸው። አንድ በአንድ ሲመጡ ሁሉንም ታውቃቸዋለህ፤ ተሰብስበው ሲመጡ ግን አንዱም አያውቅህም።

ሚስቱን ያገኘውም በፈሊጥ ጦስ ነው። ገና ጀማሪ ሳለ የአንድ ጎማ ነጋዴ ደብዳቤ ደረሰው። ነጋዴው በእንግሊዝኛ «ሌላ የምጠብሰው ዓሣ አለኝ» ብሎ ጽፏል፤ በእነሱ አነጋገር ሌላ የሚያጣድፈኝ ጉዳይ አለኝ ማለቱ ነው። አባ ቆይ ዓሣውን እንዳለ ወደ ፈረንሳይኛ አሻገረው። ከወዲያ ማዶ የመጣው መልስ በጣም ትሁት ነበር፤ ድርጅታቸው ዓሣ ስለማይነግድ በዚህ ረገድ ሊተባበሩ ባለመቻላቸው ማዘናቸውን ይገልጻል። አባ ቆይን ላብ አጠመቀው። ስህተቱን በስልክ ለማረም ተጣደፈ። ያን ጊዜ የሩቅ ስልክ የሚያገናኙት የማዕከል ኦፕሬተሮች ነበሩ፤ መስመሩ ደግሞ ተይዟል። ኦፕሬተሯ «ማን ልበል? ለማን ነው? ጉዳዩስ?» ስትለው፣ ባጭሩ እነግራለሁ ብሎ ጀምሮ ሆድ ዕቃውን ሁሉ ዘረገፈላት።

«ዓሣውን ተወው» አለችው። «ሰውየው ምን ሆኖ ነው እንደዛ ያለው?»

«ሥራ በዝቶበት። አትጨቅጭቁኝ፣ ሌላ ጣጣ አለብኝ ነው የሚለው።»

«እሱማ በፈረንሳይኛ ሌላ የምገርፋቸው ድመቶች አሉኝ ነው የሚባለው።»

«ድመቶቹ ምን አጠፉ?»

«ዓሣውስ ምን አድርጎህ ጠበስከው?»

ይህን ብላ በአፍንጫዋ ሳቀች። ያቺን ሳቅ ለመስማት ሲል ያን ሰሞን ዘመድ ወደሌለው ከተማ ሁሉ ስልክ ደወለ። ነገሩ በጋብቻ አለቀ።

እሷ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ለማወቅም ፈልጋ አታውቅም። ፈረንሳይኛ ግን አክስቷ ቤት ተገሥጻበት፣ ተሞግሳበት፣ ተሰድባበት ያደገችበት ነው። ከዚያም ዕድሜዋን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሰው በየሁኔታው ሲናገር ሰምታለች፤ የሚዋደዱ ሰዎች ሲኳረፉ፣ ደላላ ሲምል፣ ሐኪም ሲያባብል፣ ተበዳሪ ሲያስመስል። የእሱ ፈረንሳይኛ ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ አይሳሳትም፣ ግን ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሥራ ይጀመራል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ቃሉን መናገር ክልክል ነው። እንግሊዝኛውን አይነግራትም፣ እሱ የገመተውንም ፈረንሳይኛ አይነግራትም። የሚነግራት የሆነውን ነው። እሷ ዓይኗን ትጨፍንና ሁለት ጣቷን ቀን ማዳመጫው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጋ ትጠይቀዋለች። ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው? እጁ ላይ ምን ይዟል? ያኛውስ ሰው ምን አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዘልም ነበር። «መልሱን ሳልሰማ ምን እንደተባለ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። ሁሉንም ከሰማች በኋላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ የሚለውን በፈረንሳይኛ ትለዋለች፤ እሱ ይጽፋል። ልጃቸው የቤት ሥራዋን የሠራችው በዚያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፤ ሌላ ቤት ውስጥ ልጆች ተረት እየሰሙ ሲያድጉ እሷ የጎማ ነጋዴዎች ጠብ እየሰማች አደገች።

ከዚያ ታመመች። ሕመሙ ብዙ አላቆያትም። ሆስፒታሉ ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ከሌላ አገር ለጥቂት ወራት የመጣ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰው ነበር። አስተርጓሚ ይፈለግ ሲባል አባ ቆይ «እኔ አለሁ» አለ። ነርሷ ጫማዋን በፌስታል አድርጋ ሰጠችውና እሱን ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ወጣ፤ ቆቡን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ «ሺ ዲድንት ሜክ ኢት» አለው።

አባ ቆይ ሰምቷል። ገብቶታልም፤ አልተረፈችም ማለቱ ነው። ግን ሰው የኖረበት ልማድ ከሐዘን ይፈጥናል። «ሜክ» ከአጫጭሮቹ አንዷ ናት፤ ዳቦም ይሠራባታል፣ አልጋም ይነጠፍባታል፣ ጫጫታም ይፈጠርባታል፣ እዚህ ደግሞ ይህን ሆነች። ልቡ ገና ሳይደነግጥ ጭንቅላቱ እንደ ዱሮው ሄደ፤ ይቺ ነገር በፈረንሳይኛ እንዴት ነው የምትባለው? ቤት ስገባ እጠይቃታለሁ። ይህን አሰበና ሐኪሙን በእንግሊዝኛ አመስግኖ ደረጃውን ወረደ። እጠይቃታለሁ ያላት ማን እንደሆነች የገባው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲደርስ ነው። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ወዲያው ልጁ ከአውቶቡስ ወረደች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። «አባዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?» አለችው።

«ቆይ» አላት።

ቆመች፤ ጠበቀች። ምንም አልጨመረም። ከዚያ ትታው ወደ ላይ ሮጠች፤ መርዶውን የነገረቻት በሩን ይዛ የቆመች፣ ስሟን የማታውቃት ነርስ ናት። ስለዚህ ነገር አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ አንስተው አያውቁም። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት፤ ሆድም ፈጀው።

ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሲመጣ አባ ቆይ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። የአንድ ተከራይ አቤቱታ ነበር። አንድ ፈሊጥ ላይ ሲደርስ፣ ሳያስበው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ለባዶው ወንበር ሁኔታውን መተረክ ጀመረ። ተከራዩ እንዲህ ነው፣ አከራይዋ እንዲህ ናት፣ ጣሪያው ያፈሳል። ተርኮ ሲጨርስ መልሱ መጣ። በእሷ ድምፅ፣ ጉሮሮዋን እንደምትጠርገው ጠርጋ፣ አንድም ቀን ሰምቶት የማያውቀውን የፈረንሳይኛ አነጋገር አለችው። መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፤ ትክክል ነው።

ፀጉሩ ቆመ። ተነስቶ ሻይ ጣደ። ፍርሃቱ የቆየው ሻዩ እስኪፈላ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ሁለተኛውን ጠየቃት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትመጣ ነበር ማለት ነው፤ ወይም አልሄደችም። ፊቷ አይታይም፤ ወንበሩ አይንቀሳቀስም። ድምፅ ብቻ ናት፤ ለኦፕሬተር ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የምትጠይቀው ግን እንዳለች ሰው ነው። ልጅቷ ሳሏ ተሻላት ወይ ትላለች። የጎረቤት ድመት ምነው ጠፋች ትላለች። አባ ቆይ ቀስ በቀስ ገባው፤ አልሰማችም። መሞቷን የነገራት የለም። ሊነግራት የሚገባው ደግሞ እሱ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቃሉን የተቀበለው እሱ ነዋ። አንድ ቀን ብትሰማስ? ያወቀች ቀን ልትሄድ ነው። አንዴ አጥቷታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያጣት አንዲት ቃል ከአፉ ማምለጧ ይበቃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስለዚህ መደበቅ ጀመረ። የሐዘን ልብሱን ለብሶ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ኮሪደሩ ላይ አውልቆ ሹራብ ይለብሳል። ጎረቤቱ ሴትዮ ምጣድ ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ «ነፍሷን ይማርና እሷ እያለች…» ስትል ያለ ሳል ሳለ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ማር በሎሚ አመጣችለት። ሊያጽናኑት የሚመጡትን ደረጃው ላይ አቁሞ ያናግራቸዋል። ሰው ሁሉ ይህ ሽማግሌ ምን ያህል ቢኮራ ነው ቤቱ የማያስገባን ይላል። እሱ ግን እዚያ ቆሞ በሹክሹክታ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ በሹክሹክታ የሚያወራውም ለምን እንደሆነ አይነግራቸውም።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። መድኃኒቱን ታመጣለች፣ አትክልት ታመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ወጥ ቤት ትገባ ነበር። አንድ ቀን ስለ አንድ የቤት ውል ስታወራው «ቆይ እስቲ እናትሽን ልጠይቃት» አላት። የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ትሄዳለች። ስለ እናቷ ከእሱ ጋር አልቅሳ አታውቅም። የሚያለቅስ ሰው ለብቻው ሊያለቅስ ይችላል፤ ለማልቀስ ግን መጀመሪያ አንድ የራሱ ሰው መጥቶ እንዲህ ሆነ ሊለው ይገባል፤ እሷን አባቷ ቆይ አላት እንጂ እንዲህ ሆነ አላላትም። አባ ቆይም ይህን ያውቅ ነበር። ያውቅና አንጀቱን ይበላዋል። ግን ለልጁ መናገር ማለት ቤቱ ውስጥ መናገር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እናቷ አለች።

በዚህ መሃል ነው የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዞ የመጣው። «ለሆስፒታል ሠራተኞች ነው ጋሼ፤ ከሕመምተኛ ቤተሰብ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር። በየክፍሉ ይታደላል። ቀላል ነው፣ ንግግር ብቻ ነው» አለው። አባ ቆይ «ቆይ» አለና ተቀበለው።

በእርግጥም መጀመሪያው ቀላል ነበር። አንድ ቦታ ላይ መጽሐፉ ሠራተኞች ቤተሰብ ፊት ሊሏቸው የማይገቡ የቧልት አነጋገሮችን ይጠቅሳል። አንዱ «ባልዲውን ረገጠ» የሚል ነው፤ እንግሊዞች ስለሞተ ሰው በጨዋታ የሚሉት። አባ ቆይ ለሚስቱ፣ ሁለት የመጠጥ ቤት ደንበኞች ስለ አንድ የሞተ ባለ መጠጥ ቤት ሲያወሩ አስመስሎ ተረከላት። «ፒፓውን ሰበረ በላቸዋ» አለችና ሳቀች። የሌላ ሰው ሞት እንዲህ በሳቅ አለፈ። አባ ቆይም ተደፋፈረ።

ከዚያ አንድ ገጽ ገለበጠ። ርዕሱ ‹ኮሪደር ላይ› ይላል። አንድ ሐኪም ከቀዶ ጥገና ክፍል ይወጣል። አንድ ባል ተቀምጦ ይጠብቃል። ሐኪሙ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይለዋል።

አባ ቆይ መጽሐፉን ዘጋው። በማግስቱ ገጹን ዘሎ የቀረውን ሁሉ ተረጎመ፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ ሠርቶ አያውቅም። ከዚያ ለብቻው ሊወጣው ሞከረ። ያለ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቅተኛል እንዴ አለ። መዝገበ ቃላቱ ምርጫ አላሳጣውም፤ አልተረፈችም ይባላል፣ ተለየችን ይባላል፣ እንደ መብራት ጠፋች ይባላል። አንዱን ይጽፋል፤ መልሶ ያጠፋል። ስህተት ስለሆነ አይደለም። በጻፈ ቁጥር ወንበሩን ያያል፤ እሷን ከጀርባዋ የሚያማት ይመስለዋል። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ሁሉም ደርሶኛል፣ አንድ ገጽ ግን ይጎድላል» አለው።

ዘሎት ወደነበረው ገጽ ሳይወድ በግድ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ የጠረጴዛውን ላስቲክ ታሞቀዋለች፤ ከታች ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ምንጣፍ እየደበደበ ነው። አባ ቆይ መጀመሪያ ሊዋሻት አሰበ። አንድ ሯጭ ነው አላት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ወደቀ፣ አሰልጣኙ ለጓደኛው ሲነግረው ነው። ለሯጭ የሚባለውን ነገረችው። ተማሪ ናት አላት፤ ፈተናውን አላለፈችም። ለተማሪ የሚባለውን ነገረችው።

«ይኼ ግን አይደለም» አለችው ቀጥላ። «ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል። ማን ነው የሚናገረው?»

አባ ቆይ መነጽሩን አወለቀ። መርዶ የሚነገረው ሰው ቁጭ ካለ በኋላ ነው፤ እሷ መቀመጧን በምን ያውቃል?

«ሐኪም ነው።»

«ለማን?»

«ለአንድ ሽማግሌ። ኮሪደር ላይ ተቀምጧል።»

«እጁ ላይ ምን ይዟል?»

«ጫማ። የሴት ጫማ፣ በፌስታል።»

«ምን ዓይነት ጫማ?»

«ቡናማ። የግራው ማሰሪያ በሌላ ክር የተሰፋ።»

 ከታች ምንጣፉን የሚደበድበው ሰው አረፍ አለ።

«እንደዛ ያለ ጫማ ነበረኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሐኪሙ ምን ሊለው ነው የመጣው?»

አባ ቆይ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ሚስትህ ሞታለች ሊለው ነው» አለ። ከዚያ፣ ይህም እንዳይቀጥን ድምፁን አጽንቶ፣ «ሞተሻል» አላት። «ያን ቀን ነው የሞትሽው። ሰምቼ ነበር፤ ልነግርሽ አልቻልኩም።»

 ይኸው ሄደች ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ግን አልሄደችም ነበር፤ የመጨረሻዋ ጥያቄዋ ቀርታለች።

«ሰውየውስ ምን አለ?»

«አመሰገነ።»

«አመሰገነ?»

«ታንክ ዩ አለው። ከዚያ ደረጃውን ወረደ።»

በአፍንጫዋ ሳቀች። የጎማ ነጋዴው ዓሣ ጊዜ እንደሳቀችው ነው የሳቀችው፤ አባ ቆይም ሳቀ፣ ሲስቅ ዓይኑ ሞላ። «ከዚያስ?» አለችው።

«ከዚያ ልጃችን ከአውቶቡስ ወረደች። እማዬ እንዴት ናት አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ቆይ አልኳት።»

አሁን አልሳቀችም። «ታዲያ ልጄን እስካሁን እዚያ አቁመሃታል?» አለችው። ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት በተሻለው።

«ፈረንሳይኛውን ንገሪኝ» አላት።

«ለዚህ እኔን አትጠይቅም። ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም፣ ታውቀዋለህ። ለሰውየውም እንደዛው በለው፣ ለእሷም እንደዛው በላት።» ከዚያ፣ ዱሮ ማዕከሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በምትናገርበት በዚያ ጨዋ ድምፅ፣ «ተገናኝተዋል፣ ይናገሩ» አለችው።

ጠበቀ። አንድ ቀላል ቃል ጠየቃት፤ የማሽን መመሪያ ውስጥ ያለች፣ መልሷን የሚያውቃት። ምንም። ስሟን ጠራ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። እውነት ለመናገር ተቆጣ፤ እንዲህ በአንዴ ይሄዳል ወይ ብሎ ወንበሩን ገፈተረው። ቆይቶ አነሳውና ቦታው መለሰው። ከዚያ ተቀምጦ የሐኪሙን ዓረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ ኤል ኤ ሞርት። ሞታለች። ሦስት አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ሕፃን ልጅ ይጽፋቸዋል።

ቅዳሜን አልጠበቀም። ሹራቡን እንደለበሰ ወጣ፤ አውቶቡሱን ማየት አልፈለገም፣ በእግሩ ሄደ። ፋርማሲው ሞልቷል። ማዘዣቸውን የያዙ ሰዎች ከመስታወቱ ፊት ተሰልፈዋል፤ ልጁ ወዲያ ማዶ በነጭ ጋወኗ ቆማ ለአንዲት እናት ሽሮፕ እንዴት እንደሚለካ ታሳያለች። ቀጥ ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ሰልፍ ያዘ፤ ወግ ያለው ሰው ነው። ተራው ሲደርስ ቀና አለችና አየችው። በሥራ ቀን እዚህ መጥቶ አያውቅም።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አሳረፈ። «እናትሽ ሞታለች» አላት።

ልጅቷ እጇ ላይ የነበረውን የክኒን ፓኬት ቀስ ብላ አስቀመጠች። እናቷ መሞቷን ታውቃለች፤ መቃብሯን በየወሩ የምታጸዳው እሷ ናት። ግን «መቼ?» አለችው።

«ያን ቀን። አንቺ ከአውቶቡሱ ከመውረድሽ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሐኪሙ ነገረኝ። ልነግርሽ ነበር።»

የባንኮኒውን መዝጊያ አንስታ ወጣች፤ መጥታም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች፤ ሰው ይሰማኛል፣ ሥራ ላይ ነኝ ሳትል። እሱም አብሯት አለቀሰ። የተሰለፉት ሰዎች መርዶው ገና አሁን የመጣ መሰላቸው፤ ማዘዣውን የዘረጋውም እጁን ሰበሰበ። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ነፍስ ይማር፣ ልጄ። መቼ ነው ያረፉት?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ ፊቷን ከአባቷ ትከሻ ላይ ሳታነሳ መለሰችላት።

«አሁን ነው የሰማሁት» አለች።